ተፈናቃዮች በሠፈሩበት አካባቢ ንጹሕ ኃይል ለማቅረብ የግል ድርጅቶች ድርሻ ምን ይሁን? ከአዳማ የቀረበ ጥያቄ

የእድር ሂሳብ ያዥ (አዳማ)

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ከመጡት ወገኖች ብዙዎቹ በከተማዋ ዳር በተሠሩላቸው ቤቶች መኖር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔ በዚያው አካባቢ ነባር ነዋሪዎችና ተፈናቃዮች በአንድነት ያቋቋሙትን እድር ሂሳብ እይዛለሁ። ባለፈው ወር አንድ የሶላር ዕቃ አከፋፋይ ወደ እድራችን መጥቶ ሦስት አምፖል፣ የስልክ መሙያና ሬዲዮ ያለው የቤት ሶላር ለአባላት በአሥራ ስምንት ወር ክፍያ እንደሚሰጥ ገለጸልን። በምላሹ የጠየቀው እድሩ ዋስ እንዲሆነው ነው፤ ይኸውም አንድ አባል መክፈል ቢያቅተው ቀሪውን ከእድሩ ካዝና እንድንሸፍን። የእድር ገንዘብ የድንኳንና የቀብር ገንዘብ መሆኑን ሁላችሁም ስለምታውቁ፣ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት ቤት ለቤት ዞሬ ማየት ፈለግሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፃ የታደለ ሶላር ነበረው። ባትሪው ሞቶ መብራት መስጠት ካቆመ ቆይቷል፤ ፓነሉ ግን አልተጣለም፤ ደጃፍ ላይ በሁለት ብሎኬት ተጋድሞ የቤቱ እመቤት በርበሬ ታሰጣበታለች። ለምን እንዳላስጠገኑት ስጠይቅ ማን ዘንድ እንደሚወሰድ የሚያውቅ አልነበረም። ያደለው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። በሠፈሩ ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ደግሞ ከእርሱ ያልተገዛ ዕቃ እንደማይነካ ነገረኝ፤ እደላው በመጣበት ወር የእርሱ የሶላር ፋኖሶች መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥተው ቀርተዋልና፣ ቅሬታውን አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ቤት ያየሁት ይበልጥ አሳሰበኝ። ከመንገዱ ማዶ ካለ አንድ ቆጣሪ የተነሣ ገመድ በአጥሩ ላይ እየተንጠለጠለ አምስት ቤት ይገባል። ከዚያው ቤት በር ላይ ሆኖ ቀና ላለ ሰው የነፋስ ማመንጫው ክንፎች ሲዞሩ ይታያሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንድታማክሩኝ እለምናለሁ። አንድ የግል ድርጅት ለተፈናቃዮች ኃይል በዱቤ ሲያቀርብ የኪሳራውን ሥጋት መሸከም ያለበት ማን ነው? ደግሞስ ለእነዚህ ቤቶች የሚያስፈልገው ይህ ሶላር ነው ወይ?

የፀሐይ ነጋዴ

እህቴ፣ በግልጽ ስለጠየቁ በግልጽ ልመልስ። በሶላር ንግድ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ እርስዎ ዘንድ የመጣው ድርጅት የእኔ አይደለም።

ተፈናቃይ አይከፍልም የሚለው አባባል ካየሁት ጋር አይገጥምም። ማንም ሰው በጨለማ ተቀምጦ አያመሽም፤ ሻማ ይገዛል፣ ለባትሪ ድንጋይ ያወጣል፣ ስልኩን ኪዮስክ ወስዶ በክፍያ ያስሞላል። ይህ ወጪ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ አይታወቅም እንጂ በወሩ መጨረሻ ሲደመር እኛ ከምንጠይቀው ክፍያ ብዙም አይርቅም። የአሰባሰቡም ነገር ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ዕቃው የሚሠራው በኮድ ነው፤ ደንበኛው በስልኩ ሲከፍል ኮድ ይደርሰዋል፣ ኮዱን ሲያስገባ ለከፈለበት ጊዜ ይበራል፣ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመምጣቱ በፊት ገንዘብ ሰብሳቢ በየቤቱ እንልክ ነበር፤ የሰብሳቢው የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ትርፋችንን ይበላው ነበር።

እኛን የሚያስፈራን የደንበኛው ድህነት ሳይሆን ነገ የት እንደሚሆን አለመታወቁ ነው። የመኖሪያ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ በለበሰው ልብስ ሸሽቶ የወጣ ሰው መሸኛ ከየት ያምጣ? መታወቂያ ከሌለው ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም ይሆናል፣ ውላችንም ከማናውቀው ሰው ጋር ይሆናል። ሥራ አግኝቶ ወደ ሞጆ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ቢሄድ፣ ወይም ወደ ቀድሞ ቀዬው ቢመለስ፣ ፓነሉን ይዞት ይሄዳል። አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን ይዤው እሄድ ነበር።

ሌላው የምንዛሪው ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ዋጋ በረጅም ዱቤ የሰጠሁትን ዕቃ ሂሳብ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ሰብስቤ እንኳ፣ በዚያ ገንዘብ መልሼ ማስመጣት የቻልኩት ግማሹን ያህል ነው።

ስለዋስትናው የምመክርዎ፣ እድሩ ሙሉ ዋስ መሆን የለበትም። ዕርዳታ ድርጅቶች ዕቃ ገዝተው ከሚያድሉ፣ ያንኑ ገንዘብ ባንክ አስቀምጠው የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸፍን መያዣ ቢያደርጉት፣ እኛ ዕቃውንም ጥገናውንም ይዘን እንቆያለን። በነፃ የሚያድል ሲመጣ ግን ሱቅ እንዘጋለን፤ ፓነል በርበሬ ማስጫ የሚሆነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ (አዳማ)

በዱቤው ጉዳይ ከነጋዴው ጋር አልከራከርም። ሂሳብ ያዥዋ በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጡት ጥያቄ ግን መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ይመስለኛል።

ከከተማችን አጠገብ ያለው አንደኛው የነፋስ ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. በ51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. በ153 ሜጋዋት አቅም ሥራ ጀምረዋል። የቆቃ ግድብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን አለ። የኤሌክትሪክ መስመር በጣሪያው አናት ለሚያልፍበት ቤት ሦስት አምፖል ያለው ሶላር በአሥራ ስምንት ወር ዱቤ መሸጥ፣ ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው ውኃ በጀሪካን እንደ መሸጥ ነው። ሶላሩን እየነቀፍኩ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመሩ ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲዳረስ ሲያቅድ፣ ለሶላር የታሰበው ቦታ መስመሩ የማይደርስበት ነው።

ከዚያም በላይ አምፖል የቤቱን ትንሹን ችግር ነው የሚፈታው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ 3.5 ብለን እንያዘው። ለቤት የሚሸጠው ትንሹ ፓነል 50 ዋት ነው ብንል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በሙሉ ጉልበቷ እያለች እንኳ አንድ ምጣድ ለማጋል 70 ፓነል ያስፈልጋል፤ በኢንቨርተሩና በሽቦው የሚባክነውን ሳልቆጥር። ስለዚህ ሶላር የገባለት ቤት መብራቱ ሶላር፣ ምግቡ ከሰል ሆኖ ይቀጥላል። ጭሱም፣ የደን ጭፍጨፋውም፣ የቤቱ ትልቁ የኃይል ወጪም ያለው በምድጃው በኩል ሆኖ ሳለ፣ ንጹሕ ኃይል አዳረስን ብለን በአምፖል ብዛት ሪፖርት የምናቀርብበት ምክንያት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን አምስቱ ቤት ወደሚጋራው ቆጣሪ ልምጣ፤ ሂሳብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል፤ ከ500 በላይ ያለው እርከን የመጨረሻው ነው። እያንዳንዳቸው በዝቅተኛው እርከን ሊቆዩ ይችሉ የነበሩ አምስት ድሆች በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጠራሉ። ባለቆጣሪው በዚያ ላይ ጥቂት ከጨመረበት ደግሞ፣ በከተማው ውስጥ ለኤሌክትሪክ ውድ ዋጋ ከሚከፍሉት መካከል ተፈናቃዩ አንዱ ይሆናል።

የግል ዘርፉ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ ያላቸው የቤት ውስጥ መስመር ዘርጊዎች አሉ፤ ለቆጣሪ ማስገቢያና ለሽቦ ዝርጋታ በየወሩ የሚመለስ ብድር መስጠት የሚችሉ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አሉ። የእድሩ ዋስትና የግድ ከሆነ ለባትሪ ከሚውል ለቆጣሪ ቢውል ይሻላል፤ ቆጣሪው አይሞትም፣ በርበሬም አይሰጣበትም።

ከጅግጅጋ የመጣሁ

መምህር ሆይ፣ ወይም መሐንዲስ ሆይ፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀረ።

እኔ ከተጋሪዎቹ ቤቶች በአንዱ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ መተዳደሪያዬም እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ነው። ምጣዴን የምሰካው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ቤት ከነቃና ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ገመዱ ይሞቃል፣ ማብሪያው ወርዶ ሁላችንም በጨለማ እንቀራለን። አንድ ቀን ሊጥ ተቡክቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ጠፋና እስከ ቀትር ቆየ። ሊጡ ኮመጠጠ። የዚያን ቀን ኪሳራ የከፈልኩት በሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ አኑሬ ማገዶ አስቀምጣለሁ፤ ኤሌክትሪኩን ስለማላምነው ነው እንጂ ጭሱን ወድጄው አይደለም።

የሶላሩ ልጅ እኛም ቤት መጥቶ ነበር። ትሑት ልጅ ነው። እንጀራ ያስጋግራል ወይ ስለው ሳቀና «እናቴ፣ ይኼ ለመብራት ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ መብራት አለኝ።

የራሴን ቆጣሪ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። የይዞታ ማስረጃ ተጠየቅሁ። ቤቱ ተሰጥቶኛል፣ ቁልፉ በእጄ ነው፣ የምኖርበት እኔ ነኝ፤ ካርታ ግን የለኝም። አሁን የፋይዳ ቁጥር ስላወጣሁ ማንነቴን ማስረዳት አይቸግረኝም፤ ማንነቴና ቤቱ በአንድ ወረቀት ላይ አለመገናኘታቸው ነው ችግሩ። ብድር የሚሰጥ ቢመጣ እንኳ ይኼ ወረቀት ሳይስተካከል ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል?

ነፋሻው ከተማ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የውይይቱ አካሄድ አልጣመኝም። ተፈናቃይ የመንግሥት ኃላፊነት ነው። አገራችን በአገር ውስጥ የተፈናቀሉ ሰዎችን ለመጠበቅ የወጣውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ቤት ንብረቱን ጥሎ የመጣን ሰው ደንበኛ ብሎ መጥራት፣ በኮድ የሚዘጋ አምፖልም መሸጥ ለእኔ ነውር ነው። ገንዘብ ያጣ ቀን ልጁ በጨለማ ያጥና ማለት ነው?

የቀድሞ የካምፕ ሠራተኛ (ሐዋሳ)

ወንድሜ ነፋሻው፣ ነውሩ ይገባኛል፤ እኔም ወደ ሥራው ስገባ የማስበው እንደዚያ ነበር። ሆኖም በነፃ የተሰጠው ነገር ሁሉ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ሳይታወቅ መሰጠቱም ከነውር አይተናነስም። እኛ በሐዋሳ በ2010 ዓ.ም. የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ መፈናቀል በተከሰተ ጊዜ ከዲላ በኩል ያለውን ጥድፊያ በቅርብ አይተናል፤ በጥድፊያ ውስጥ የሚታደል ፋኖስ ሕይወት ያድናል፤ ያ ወቅት የገበያ ወቅት አይደለም። ጥያቄው ሰው አምስትና ስድስት ዓመት አንድ ቦታ ሲቆይ የሚነሣው ነው።

በስደተኞች በኩል የተሞከሩትን ላንሣ፤ ሕጋቸው ከተፈናቃይ ሕግ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ ይጠቅመናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጋያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል የተባለ ነዳጅ አልኮል በቀብሪበያህ መጠለያ ለምግብ ማብሰያ አቀረበ። ሴቶች ማገዶ ፍለጋ ሩቅ መሄዳቸውና በመንገድ የሚደርስባቸው ጥቃት ቀነሰ። ነገር ግን ኢታኖሉ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለመኪና እንዲውል ሲደረግ፣ ምድጃው ከመኪናው ጋር ተሻሚ ሆነ። ምድጃው ጥሩ ነበር፤ ነዳጁን በረጅም ውል የሚያቀርብ ሻጭ አልነበረውም።

በዶሎ አዶ ባሉት አምስት መጠለያዎች ደግሞ የአይኪያ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሲገባ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ስደተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች በጋራ የኃይል ማኅበራት አቋቁመው የሶላሩን መሣሪያ ራሳቸው ይጠግናሉ፣ ኃይል ለሱቆች ይሸጣሉ። ሌሎች ማኅበራት በአካባቢው የተስፋፋውን መጤ ዛፍ አክስለው ጡብ የመሰለ ከሰል ይሠራሉ። ሲበላሽ የሚጠሩት ሰው ጎረቤታቸው ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ቴክኒሺያን አይጠብቁም።

ወደ ዮርዳኖስ ብንሄድ እ.ኤ.አ. በ2017 በአዝራቅ መጠለያ 2 ሜጋዋት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዛዕተሪ 12.9 ሜጋዋት የሶላር ማመንጫ ተተክሏል። የዛዕተሪውን ወጪ የሸፈነው የጀርመን መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት በዛዕተሪ ነዋሪው ከመንገድ መብራት ምሰሶ ገመድ እየቀጠለ ይጠቀም ነበር፤ ይህ ለአዳማ ሠፈር እንግዳ ነገር አይመስለኝም። በኬንያ ካኩማ ደግሞ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት የመጠለያውንና የከተማውን የሸማቾች ገበያ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብሎ ገምቶታል። ከዚያ ወዲህ በአጎራባቹ ካሎበዬይ ሠፈራ ኃይል በሽያጭ የሚያቀርብ የግል ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም ለአንድ አካባቢ ብቻ የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ መረብ፣ አለ።

የሚቸግረው የጊዜ አለመጣጣም ነው። የዕርዳታ ድርጅት በጀቱ ለአንድ ዓመት ይጸድቃል፤ ሶላር የሚተክል ኩባንያ ግን ገንዘቡን ለመመለስ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ አሥር ዓመት ይፈልጋል። የአንድ ዓመት በጀት ያለው ወገን የአሥር ዓመት ውል ስለማይፈርም ኩባንያው ዕቃ ሸጦ መሄድን ይመርጣል። እኔ ብጠየቅ ውሉ በዕቃ ብዛት ሳይሆን በሠራበት ቀን ብዛት ይሁን እላለሁ፤ መብራቱ በወሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደሠራ ተቆጥሮ ይከፈል። ያኔ ባትሪው ሲሞት የሚጨነቀው ሻጩ ይሆናል።

የፀሐይ ነጋዴ

በሠራበት ቀን ልክ የሚለውን ሐሳብ እኔ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለሦስት አምፖል ዕቃ ቁጥጥሩ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ፓምፕና ለትምህርት ቤት ያዋጣል። ለቤት ግን ሁለት ዓመት ዋስትናና በሠፈሩ ውስጥ የሠለጠነ ጠጋኝ ቢጠየቅ ይበቃል። ለወንድሜ ነፋሻው፦ ኮዱን እኔም አልወደውም፤ ከፋይ ሰው ሲቸገር የአሥር ቀን ትዕግሥት በውሉ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ደንበኛ ስለማይጠይቅ ነው እንጂ።

የመሐንዲሱን ነገር ካነበብኩ በኋላ ግን፣ እርስዎ የጻፉበት ሠፈር እኔ ብሆን የምሸጥበት ቦታ አይደለም። መስመር ያለበት ሠፈር ሄጄ ሸጬ አውቃለሁ፤ ቆጣሪ የገባ ዕለት ክፍያው ይቆማል።

ጡረተኛው መሐንዲስ (አዳማ)

ከጅግጅጋ የመጡት እህቴ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ቢታሰብስ፦ ለአምስት ቤት አምስት ቆጣሪ እስኪገኝ፣ ለእርስዎና እንደ እርስዎ እንጀራ ለሚጋግሩ ሴቶች በማኅበር ስም ባለሦስት ፌዝ (ብዙ ምጣድ በአንድ ጊዜ መሸከም የሚችል) የንግድ ቆጣሪ ያለው የጋራ መጋገሪያ ቤት። ስድስት ምጣድ በ3.5 ኪሎዋት ሲታሰብ 21 ኪሎዋት ነው፤ ሽቦው በልኩ ከተዘረጋ አይሞቅም። የይዞታ ማስረጃው ጥያቄ በእያንዳንዱ ቤት ከሚነሣ በአንድ ቦታ ይነሣል፤ ቦታውን እድሩ ወይም ወረዳው ሊያቀርብ ይችላል። የኤሌክትሪኩ ወጪ በተጋገረው እንጀራ ልክ ይከፋፈላል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከጉልቻ ይልቅ ምርጥ ምድጃ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይቀመጥ፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምርጥ ምድጃ ሲሠሩ የኖሩት ሲሚንቶና አሸዋ ይዘው በየግቢያቸው ቅርጽ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። የግል ዘርፍ ስንል ሁልጊዜ የሚታየን ባለማስታወቂያው ኩባንያ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ እንጀራ የሚያስረክቡት እህታችንም የግል ዘርፍ ናቸው።

ከጅግጅጋ የመጣሁ

በማኅበር መጋገር ጥሩ ነው፤ ግን ሊጡ የየራሳችን ይሁን። የአንዷ አብሲት ከሌላይቱ አይመሳሰልም፤ ደንበኛም እጅ ያውቃል። ምጣዱን በተራ፣ በሰዓት እንከፋፈለው ከተባለ እኔ የሌሊቱን ሰዓት እወስዳለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

የእድር ሂሳብ ያዥ (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ዕለት እድሩ ተሰብስቦ ነበር፤ ጽሑፋችሁን አትሜ አነበብኩላቸው። ለሶላሩ ዋስ ላለመሆን ተወስኗል። በራሱ ፍላጎት መግዛት የሚፈልግ አባል ግን እንዳይከለከል፣ አከፋፋዩም የጥገና ሰው በሠፈሩ እንዲያስቀምጥና የአሥር ቀን ትዕግሥት በውሉ እንዲያስገባ በደብዳቤ ጠይቀነዋል። እስካሁን አልመለሰም።

ስለመጋገሪያ ቤቱ ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንድ ነባር አባላት የእድሩን መጋዘን ቦታ ለመስጠት አልፈለጉም፤ ድንኳኑና ወንበሩ የት ይቀመጥ ብለው። ለጊዜው የተስማማነው ከመጋዘኑ ጎን ያለውን ክፍት ቦታ ለክተን፣ በእድሩ የይዞታ ማስረጃ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ማመልከቻውን ከመጻፌ በፊት የአምስቱን ቤት የጋራ ፍጆታ በቁጥር ማሳየት ስለምፈልግ፣ ባለቆጣሪውን የስድስት ወር ደረሰኝ ለምኜ የአራቱን አግኝቻለሁ። መሐንዲሱ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ቦታውንና የምሰሶውን ርቀት ቢያዩልን፤ ከሌሊት ጀምሮ የሚጋገር እንጀራ ስላለ ቁርስ አይጠፋም።